ውሃው በ92 ፈላ፣ ደብተሩ 100 ይላል፦ አዚዮትሮፕንና አሚንን ያገናኘ አንድ የጎጃም ጉዳይ

ቦታው፣ ጊዜውና የነበረን ዕቃ

በ2011 ዓ.ም. ሁለተኛ ወሰነ ትምህርት ደብረ ማርቆስ ውስጥ በአንድ መሰናዶ ትምህርት ቤት የኬሚስትሪ ክበብ አስተባባሪ ነበርኩ። ክበቡ 32 የ12ኛ ክፍል ተማሪዎች ነበሩት። ቤተ ሙከራ ብለን የምንጠራው ክፍል አንድ የኤሌክትሪክ ምድጃ፣ ሦስት ባለ 500 ሚሊ ሊትር ፍላስክ፣ ሁለት የብርጭቆ ማቀዝቀዣ ቱቦ፣ እስከ 0.1 ግራም የሚመዝን ሚዛንና ሦስት ደኅና ቴርሞሜትሮች ነበሩት። የቧንቧ ውሃ በየቀኑ አይመጣም። ስለዚህ ለማቀዝቀዣው የሚሆነውን ውሃ በጀሪካን ቁምሳጥን ላይ ሰቅለን በቀጭን ጎማ እናወርድ ነበር።

ይህን ጉዳይ የምጽፈው በመካከሉ እኔ ራሴ ስለተሳሳትኩ ነው። ስሕተቱን ያገኘችው ደግሞ ተማሪዬ ናት።

ጥያቄው

የጌሾና የብቅል ሽታ በማይጠፋበት ከተማ ስለ ማንጠር ማስተማር ቀላል ይመስላል። ከክበቡ አባላት የጥቂቶቹ እናቶች አረቄ እያወጡ ቤት የሚያስተዳድሩ ነበሩ። ልጆቹ ድፍድፉ ሲጣድ፣ ከሥር እሳት ሲነድ፣ እንፋሎቱ በቱቦ አልፎ ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ በተቀመጠው መቀበያ ሲጠራቀም እያዩ ነው ያደጉት። አንድ ጊዜ የወጣው ተራ አረቄ ይባላል። ያው ተመልሶ ሲወጣ ዳግም አረቄ ይሆናል፤ አልኮሉም በመጠን 45 በመቶ አካባቢ ይደርሳል።

ከእነዚህ ቤቶች የአንዱ ልጅ የሆነች ተማሪ እጇን አወጣች። «ተራው ተመልሶ ሲወጣ የሚጠነክር ከሆነ፣ አሥር ጊዜ ብናወጣው ለምን ንጹሕ አልኮል አናገኝም?»

የመማሪያ መጽሐፉን መልስ ክፍሉ በሙሉ ያውቀዋል። ኤታኖልና ውሃ፣ ኤታኖሉ በክብደት 95.6 በመቶ ሲሆን፣ በ78.2 ዲግሪ ሴልሺየስ የሚፈላ አዚዮትሮፕ ይሠራሉ። አንድ ልጅ ተነሥቶ አንዲት ቃል ሳይስት አነበነበው። «አዚዮትሮፕ ማለት ምን ማለት ነው?» ብዬ ብጠይቀው ያንኑ ዐረፍተ ነገር ደገመልኝ።

በዚያው ሳምንት ስለ አሚኖች (ናይትሮጅን ስላላቸው የካርቦን ውህዶች) የሰጠሁትን አጭር ፈተና አርም ነበር። ዲሜቲልአሚንና ትሪሜቲልአሚን ከሁለቱ የትኛው በከፍተኛ ሙቀት ይፈላል? ከግማሽ የሚበልጡት «ትሪሜቲልአሚን፣ ክብደቱ ስለሚበልጥ» ብለዋል። እውነታው ግን ዲሜቲልአሚን በ7 ዲግሪ ሲፈላ ትሪሜቲልአሚን በ3 ዲግሪ ይፈላል። በዚያን ጊዜ ሁለቱ ችግሮች የማይገናኙ መስለውኝ ነበር።

ውሃ አፍልቶ መጻፍ

አረቄውን ከመንካታችን በፊት ቴርሞሜትሮቹን ለመፈተሽ ንጹሕ ውሃ እንዲያፈሉና የሚያዩትን እንዲጽፉ በአራት ቡድን ከፈልኳቸው። ሦስቱ ቡድኖች 100 ዲግሪ ጽፈው መጡ። አራተኛው 92 ጽፎ፣ ሰርዞ፣ ከጎኑ «ቴርሞሜትሩ ተበላሽቷል» ብሎ 100 ጻፈ።

ሄጄ አየሁ። ሦስቱም ቴርሞሜትሮች 92 ላይ ቆመዋል። ደብረ ማርቆስ ከባሕር ወለል በላይ 2,450 ሜትር ገደማ ላይ ናት። እዚህ ያለው የአየር ግፊት ከባሕር ወለሉ ሦስት አራተኛ ቢሆን ነው፤ ውሃም የሚፈላው በ92 አካባቢ ነው። ከተማው ውስጥ ሽምብራ የሚቀቅል ሰው ሁሉ በዚህ ዲግሪ ነው የሚቀቅለው። ልጆቹ ግን ዓይናቸው ያየውን ትተው መጽሐፉ የሚለውን ጻፉ። አልተቆጣሁም፤ እኔም ተማሪ ሳለሁ እንደዚያው አደርግ ነበር፣ ያውም በጥሩ ማርክ።

ከዚያን ቀን ጀምሮ አንድ ደንብ አወጣን። ቴርሞሜትር የሚያነብ ተማሪና የሚጽፍ ተማሪ ይለያያሉ፤ የሚጽፈው መሣሪያውን አያይም፣ የሚያነበው ደብተር አይዝም። ትንሽ ነገር ናት፤ ነገር ግን 100 ዳግመኛ አልተጻፈም።

አረቄው ወደ ቤተ ሙከራ ሲገባ

ወደ ተማሪዋ እናት ቤት ሄጄ «እትዬ፣ ሦስት ሊትር ዳግም ለትምህርት ቤት ፈልጌ ነበር» አልኳቸው። ሳቁ። «መምህር፣ ለትምህርት ቤት ነው የሚሉት?» ልጃቸው ባትመሰክርልኝ ኖሮ የሚያምኑኝ አይመስለኝም። ጀሪካኑን እየሞሉ ሥራቸውን አጫወቱኝ፦ «መጀመሪያ የሚወርደው ኃይለኛ ነው። እየቆየ ይለሰልሳል። መጨረሻው ውሃ ነው። ምላሴ ሲነግረኝ አነሣዋለሁ።»

ይህን ንግግር በጊዜው እንደ ጨዋታ ነበር የሰማሁት።

የትምህርት ቤቱ አስተዳደር ሁለት ነገር ጠየቀን፦ አረቄው ተለክቶ ይገባል፣ ተለክቶ ይወጣል፤ ቁልፉም በመምህሩ ኪስ ይሆናል። እኔ ሦስተኛ ጨመርኩ። የአልኮል እንፋሎት በቀላሉ እሳት ስለሚይዝ ከሰልም ሆነ ክብሪት ክፍሉ ውስጥ አይገባም፤ ፍላስኩ የሚሞቀው በኤሌክትሪክ ምድጃ ላይ በተጣደ ውሃ ውስጥ ተነክሮ ብቻ ነው። መብራት ሲጠፋ እንጠብቃለን። ብዙ ጊዜ ጠብቀናል።

ጥንካሬውን የምናውቀው በክብደት ነበር። 25 ሚሊ ሊትር ውሃ 25 ግራም ይመዝናል፤ ያው መጠን ንጹሕ ኤታኖል ግን 19.7 ግራም ብቻ ነው። ስለዚህ ክብደቱ በቀነሰ ቁጥር አልኮሉ ይጨምራል። ዳግም አረቄው 23.5 ግራም መዘነ። ሲሞቅ የመጀመሪያው ጠብታ የወረደው ቴርሞሜትሩ 76 ላይ ሲደርስ ነው፤ ከዚያ ሙቀቱ ሳያቋርጥ ወጣ፣ 85 ላይ አቆምን። የተጠራቀመው 22.0 ግራም ሆነ። እርሱኑ መልሰን ስናነጥር 21.2፣ ሦስተኛው 20.8፣ አራተኛው 20.5። ሦስቱ ሊትር ወደ ግማሽ ሊትር ወርዷል፤ ከሁለት ሳምንት በላይ ፈጅቷል።

እኔ የተሳሳትኩበት

ልጆቹ ቁጥሮቹን በግራፍ ሲያኖሩ መስመሩ እየተኛ ሄደ። ከአንዱ ዙር ወደ ሌላው የቀነሰው 1.5፣ 0.8፣ 0.4፣ 0.3 ግራም ነው። ቴርሞሜትሩም 71 እና 72 መካከል ሰፍሮ ቁጭ ብሏል። «እንግዲህ አዚዮትሮፑ ጋ ደረስን፤ ከዚህ በላይ አይሄድም» አልኩ። አጨበጨቡ። እኔም ጥቁር ሰሌዳው ላይ ጻፍኩት።

በማግሥቱ ያቺው ተማሪ ደብተሯን ይዛ መጣች። 20.5 ግራም ለ25 ሚሊ ሊትር እፍግታው 0.82 ነው፤ ይህ በመጠን 93 በመቶ ገደማ ኤታኖል ይሆናል። አዚዮትሮፑ ግን በክብደት 95.6፣ በመጠን ሲቆጠር 97 በመቶ ገደማ ነው፤ መመዘን የነበረበት 20.1 ግራም ነው። ቀጥላም ያልጠበቅሁትን አለች፦ «እናቴ የምታቆመው መጀመሪያና መጨረሻው ሲለያይ ነው። የእኛስ መጀመሪያና መጨረሻው አንድ ነው?»

ዐረፍተ ነገሩ እስካሁን ጆሮዬ ላይ አለ። አዚዮትሮፕ ማለት እኮ ይኸው ነው። ከፈሳሹ የሚወጣው እንፋሎት ከፈሳሹ ጋር አንድ ዓይነት ቅንብር ስላለው፣ የመጀመሪያው ጠብታ ከመጨረሻው አይለይም። ቃሉን በ1911 እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ዌድና ሜሪማን የተባሉ ኬሚስቶች ከግሪክኛ ሲሠሩት «ሲፈላ የማይለወጥ» ለማለት ነበር። አረቄ አውጪዋ በምላሳቸው የሚመረምሩት የቅንብር ለውጥ አዚዮትሮፕ ሲሆን ይቀራል።

ስለዚህ ያለንን ፈሳሽ ግማሹን ብቻ አነጠርንና ሁለቱን ግማሾች መዘንን። የወጣው 20.4፣ ፍላስኩ ውስጥ የቀረው 20.7 ግራም። ይለያያሉ! አዚዮትሮፑ ጋ አልደረስንም ነበር። ያቆመን ተፈጥሮ ሳይሆን ዕቃችን ነው፤ በአዚዮትሮፑ አቅራቢያ የእንፋሎቱና የፈሳሹ ቅንብር በጣም ስለሚቀራረብ ተራ ፍላስክና ቱቦ በየዙሩ የሚያገኘው ትርፍ ኢምንት ነው። ቴርሞሜትሩም እዚህ ምስክር መሆን አይችልም፤ ከዚህ ቅንብር እስከ አዚዮትሮፑ ያለው የነጥበ ፍሌት ልዩነት ከአንድ ዲግሪ ያነሰ ነው። ሰሌዳው ላይ የጻፍኩትን በልጆቹ ፊት አጠፋሁት።

ከሌላው ጫፍ መነሣት

ከታች እየወጡ መድረስ ካልተቻለ ከአጠገቡ መነሣት ይቻላል። ለቤተ ሙከራ የሚሸጥ፣ በመጠን 96 በመቶ የሆነ አልኮል ግማሽ ሊትር ገዝተን ያንኑ ሙከራ ደገምን። 25 ሚሊ ሊትሩ 20.2 ግራም ነው። ቴርሞሜትሩ 71 ላይ ወጥቶ ከመጀመሪያው ጠብታ ጀምሮ ግማሹ እስኪያልቅ አልተንቀሳቀሰም። የወጣው 20.2፣ የቀረው 20.2። ሚዛኑን ሦስት ልጆች ሦስት ጊዜ አነበቡት።

እዚህ ላይ አንዱ «መጽሐፉ 78.2 ይላል፣ እኛ 71 አገኘን» ሲል የመልሱን ግማሽ ራሱ ያውቀው ነበር፤ ውሃው በ92 የፈላበት ምክንያት ነው። ሌላውን ግማሽ ነገርኳቸው። ግፊት ሲቀንስ ነጥበ ፍሌቱ ብቻ ሳይሆን የአዚዮትሮፑ ቅንብርም ይቀየራል፤ ኤታኖሉ ትንሽ ይጨምራል። ግፊቱ ከባሕር ወለሉ አንድ አሥረኛ በታች ሲወርድ የኤታኖልና የውሃ አዚዮትሮፕ ጭራሹን ይጠፋል። ተራራ ወጥቶ ግን እዚያ መድረስ አይቻልም፤ ራስ ዳሸን ጫፍ ላይ እንኳ ከባሕር ወለሉ ግፊት ከግማሽ በላይ አለ።

ለምን ይሆናል የሚለውን ያስረዳሁት በማኅበር ነው። የውሃ ሞለኪዩሎች በሃይድሮጅን ትስስር እጅ ለእጅ የተያያዙ ማኅበርተኞች ናቸው። ኤታኖል በኦክስጅኑ በኩል ገብቶ ይጨብጣል፤ የካርቦን ጅራቱ ግን ቦታ ይይዛል እንጂ ማንንም አይጨብጥም። ማኅበሩ ሲላላ ሁለቱም ከብቻቸው ይልቅ በቀላሉ ይተንናሉ፤ ስለዚህ አዚዮትሮፑ ከኤታኖልም ከውሃም ዝቅ ባለ ሙቀት ይፈላል። ተቃራኒውም አለ። ናይትሪክ አሲድ ብቻውን በ83 ዲግሪ ገደማ ይፈላል፤ 68 በመቶ ሆኖ ከውሃ ጋር ሲገናኝ ግን ተጣብቀው በ120.5 ነው የሚፈሉት። ሃይድሮክሎሪክ አሲድም 20.2 በመቶ ላይ በ108.6 ዲግሪ ይፈላል።

ያልሠራልን

የቀረችውን ውሃ ለማስወጣት ሞከርን። ውሃ መኖሩን ነጭ የመዳብ ሰልፌት ይመሰክራል። ሰማያዊውን ክሪስታል በብረት ማንኪያ ላይ ነጭ ዱቄት እስኪሆን ካሞቅነው በኋላ (አልኮሉ ተቆልፎ፣ በሌላ ክፍል) 96 በመቶው አልኮል ውስጥ ስንጨምረው ቀስ በቀስ መልሶ ሰማያዊ ሆነ። ውሃ አለ ማለት ነው። ከገበያ ኖራ ገዝተን ሁለት ቀን ዘፈዘፍነውና ደግመን ሞከርን፤ አሁንም ሰማያዊ። ግድግዳ የሚቀባበት ኖራ አስቀድሞ ውሃውን የጠጣ ነው፤ ውሃ የሚወስደው ገና ከእቶን የወጣው፣ ያልተበጠበጠው ነው። ከአባይ በረሃ የኖራ ድንጋይ አምጥቶ ማቃጠል ይቻላል የሚል ሐሳብ ቀርቦ ነበር፤ ወደ 900 ዲግሪ የሚደርስ እቶን የለንም።

ፋብሪካዎች ዛሬ የሚጠቀሙት ቀዳዳው በሞለኪዩል ልክ፣ 3 አንግስትሮም በሆነ ጠጠር ነው፤ ውሃ ይገባበታል፣ ኤታኖል አይገባም። ከነዳጅ ጋር የሚደባለቅ ኤታኖል፣ ከአባይ ማዶ በፊንጫ የሚመረተውን ዓይነት፣ የግድ መድረቅ አለበት፤ ውሃ ካለበት ከቤንዚኑ ይለያል።

ከአረቄ ወደ ዓሣ

መጋቢት ነበር፣ ዐቢይ ጾም። ዓሣ በጾም ይበላል ወይስ አይበላም የሚለውን ክርክር ለሚመለከታቸው ትቼ፣ ባሕር ዳር ዘመድ ያለው ተማሪ የጣና አምባዛ እንዲያመጣ ላክሁ። በአውቶቡስ፣ በዳንግላና በፍኖተ ሰላም በኩል፣ በሁለት ፌስታል ተጠቅልሎ መጣ። ልጁ ከደንበጫ ጀምሮ ከጎኑ የተቀመጠ ሰው አልነበረም ብሎናል።

ዓሣው የታጠበበትን ውሃ በሁለት ብርጭቆ ከፈልን። በአንዱ ሎሚ ጨመቅንበት፤ ሽታው ወዲያው ደከመ። በዚያው ብርጭቆ ላይ የተጣራ የአመድ ውሃ ስናፈስበት ሽታው ተመልሶ መጣ፤ ከፊት የተቀመጡት ወንበራቸውን ወደ ኋላ ሳቡ። በአሚን ውስጥ ያለው ናይትሮጅን ያልተጣመሩ ሁለት ኤሌክትሮኖች አሉት፤ በእነርሱ ከሎሚው አሲድ ፕሮቶን ተቀብሎ ጨው ይሆናል፤ ጨው ደግሞ አይተንም፣ አፍንጫ ጋ አይደርስም። የአመዱ ውሃ ቤዝ ስለሆነ ፕሮቶኑን መልሶ ይወስዳል። ትሪሜቲልአሚን በይበልጥ የሚታወቀው በባሕር ዓሣ ነው፤ በእኛ ብርጭቆ ውስጥ አሞኒያና ሌሎች አሚኖችም አብረው ይኖራሉ። ስለዚህ ልጆቹ «ትሪሜቲልአሚን አገኘን» ብለው እንዳይጽፉ ከለከልኩ። «ከአሲድ ጋር ጨው የሚሠራ ተናኝ ቤዝ» ብለው ጻፉ። ከአንድ ወር በፊት ይህን ጥንቃቄ እኔም አላደርገውም ነበር።

ከዚያ በፈተናው የተሳሳቱትን ጥያቄ መለስኩት፣ በሦስት ውህዶች። ሦስቱም ሞለኪዩላዊ ክብደታቸው 59 ነው። ፕሮፒልአሚን በ48፣ ኤቲልሜቲልአሚን በ36 ገደማ፣ ትሪሜቲልአሚን በ3 ዲግሪ ይፈላሉ። ክብደት እኩል ከሆነ ምን ለያያቸው? ዝምታ ሆነ። «ስንት እጅ አለው?» ያለው ያ ፍቺውን ያነበነበው ልጅ ነው። ከናይትሮጅኑ ጋር የተያያዘ ሃይድሮጅን በመጀመሪያው ሁለት፣ በሁለተኛው አንድ፣ በሦስተኛው የለም። ሦስተኛው ከራሱ ዓይነት ጋር እጅ ለእጅ መያያዝ አይችልም፤ ስለዚህ በቀላሉ ያመልጣል።

የማኅበሩ ምሳሌ ሁለቱን ምዕራፎች በራሱ ጊዜ አገናኛቸው። ትሪኤቲልአሚን ከውሃ ጋር፣ አሚኑ 90 በመቶ ገደማ ሲሆን፣ በ75 ወይም በ76 ዲግሪ ይፈላል፤ ብቻውን ግን በ89 ነበር። እንደ ኤታኖል ነው፣ ማኅበሩን ያላላል። ሁለት የአሚን ጫፍ ያለው ኤቲሊንዲአሚን ግን በሁለቱም በኩል ውሃውን አጥብቆ ስለሚይዝ፣ ብቻውን በ117 የሚፈላው ከውሃ ጋር ሲሆን ከዚያ ትንሽ ከፍ ብሎ ነው። ቁጥሮቹ እዚህ ሁሉ የባሕር ወለል ግፊት ናቸው። ሁለቱን ፈሳሾች አላገኘናቸውም፤ በሰሌዳ ብቻ ነው ያለፍነው፤ ይህም ይቆጨኛል። ትሪኤቲልአሚንና ውሃ ከ18.5 ዲግሪ ገደማ በታች አንድ ፈሳሽ ናቸው፣ ከዚያ በላይ ሲሞቁ ለሁለት ይከፈላሉ። በደብረ ማርቆስ ብርድ ጠዋት ጥርት ብሎ የተቀመጠ ጠርሙስ ቀትር ላይ ሲደፈርስ ማሳየት ነበረብኝ።

ሌላ ክፍል ውስጥ የሚሠራው

ይህን ለሚደግም መምህር የምለው የመጀመሪያው ነገር ውሃ ማፍላት ነው። የክበቡ ሪፖርት ቅጽ አሁን የመጀመሪያ መስመሩ «የዕለቱ ውሃ የፈላበት» ይላል፤ ሌላው ንባብ ሁሉ ከዚያ መስመር ጋር ነው የሚነጻጸረው። ተማሪዎች «ፈተና ላይ ስንት እንጻፍ?» ይላሉ፤ ተገቢ ጥያቄ ነው። ግፊቱ አንድ አትሞስፌር ከሆነ 100 ነው። ግፊቱ ካልተጻፈ ራሳቸው ከመልሱ ጎን ይጻፉት።

ሁለተኛው፣ «ቆመ» እና «ደረሰ» የሚሉትን ቃላት መለየት ነው። ግራፍ ሲተኛ መሣሪያው ደክሞ ሊሆን ይችላል። የሚለየው ግማሹን አንጥሮ ሁለቱን ግማሾች መመዘን ነው፤ ርካሽ ነው፣ ግማሽ ሰዓት አይፈጅም። እኔ ይህን ከመጀመሪያው ብጠይቅ ኖሮ አራተኛውን ዙር አላነጥርም ነበር።

አረቄ ከልጆቹ ቤት ማምጣቱ ለእውቀቱ ጠቅሞናል፤ ለጊዜው ግን ጎድቶናል። ሦስት ሊትር በሁለት ቱቦ ማንጠር የክበቡን ጉልበት በላው። ዛሬ ቢሆን አንድ ዙር ብቻ በአረቄ፣ የቀረውን በተገዛው አልኮል እሠራዋለሁ። ዓሣው ግን እንዳለ ይቅር፣ ሽታውን የሚችል ካለ።

ሰኔ ላይ የተማሪዋን እናት መንገድ ላይ አገኘኋቸው። «መምህር፣ የእኔ አረቄ መጨረሻው ምን ሆነ?» አሉኝ። ለቤተ ሙከራው የአልኮል መብራት እንዳዋልነው ነገርኳቸው። ትንሽ አሰቡና «ሦስት ሊትር ዳግም፣ ለመብራት?» ብለው አንገታቸውን እየነቀነቁ መንገዳቸውን ቀጠሉ።